መኪናው እስኪሞላ፦ ስልክዎን ከሚሰልሉ አፖች ማላቀቂያ መመሪያ

ሆሳዕና መናኸሪያ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔ ወይም ወደ ወራቤ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ይዘዋል። ረዳቱ የቀሩትን ሁለት ተሳፋሪዎች ይጣራል፤ እርስዎ ደግሞ ስልክዎን ከፍተዋል። ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት ለዚያ ሰዓት ነው። እዚህ ከተዘረዘረው ሥራ ብዙው ዳታ አይፈልግም። የሚፈልገውም ቢሆን አንዴ ከወረደ በኋላ ከጎንዎ ለተቀመጠው ሰው ያለ ዳታ ይተላለፋል። ሁሉንም ባንድ ቀን መጨረስ የለብዎትም፤ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን በሚቀጥለው ጉዞ ቢሠሩት ይበቃል።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ብዙ ሰው አፕ የሚያገኘው ከፕሌይ ስቶር አይደለም። ፓኬጁን ለመቆጠብ ከጓደኛው ስልክ በሼርኢት ወይም በዜንደር ይቀበላል፤ አለዚያም መናኸሪያው አካባቢ ካሉት ሞባይል ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ መዝሙርና ፊልም ሲያስጭን አፑም አብሮ ይጫንለታል። ልማዱ መልካም ነው፤ የመተጋገዝ ልማድ ነው። ችግሩ ያለው በዚህ መንገድ በሚያልፈው አፕ ላይ ነው። አንዳንዱ የስልክ ቁጥሮችን ዝርዝር ይወስዳል፣ አንዳንዱ ያሉበትን ቦታ ይመዘግባል፣ ብዙው ማስታወቂያ እየጎተተ የገዙትን ሜጋባይት ይጨርሳል። ስለዚህ መንገዱን ሳንዘጋ በመንገዱ የሚያልፈውን እንቀይር ነው የምለው። ነፃ ሶፍትዌር ለዚህ የተፈጠረ ያህል ይመቻል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለው፣ ገልብጦም ለሌላ ሊሰጠው የአጠቃቀም ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል። ሞባይል ቤቱ ለመቶ ደንበኛ ቢጭነው የማንንም መብት አልነካም።

«እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ግን የእሱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከዚህ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ ደቡብ አፍሪካ ወንድም ወይም ልጅ አለው፤ ቁጥሩም በስሙ ተመዝግቦ እርስዎ ስልክ ላይ ተቀምጧል። የዕድሩ ሰብሳቢ፣ የልጅዎ አስተማሪ፣ በዱቤ የሚሰጥዎት ባለሱቅ ሁሉም እዚያ አሉ። የቁጥር ዝርዝርዎን ለሚጠይቅ አንድ የባትሪ መብራት አፕ «እሺ» ሲሉ የእነሱንም ስም አሳልፈው ይሰጣሉ። እነሱን ግን የጠየቃቸው የለም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬም አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ሴኪውር-ዲ የተባለው የሞባይል ደህንነት አገልግሎት አንድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ቴክኖ ደብልዩ2 በሚባለው ርካሽ ስልክ ላይ፣ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ፣ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች እንደተገኙና ባለቤቱ ሳያውቅ ገንዘብ ለሚያስከፍሉ አገልግሎቶች ሊመዘግቡት ይሞክሩ እንደነበር አሳየ። ሙከራው በብዛት ከታየባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አምራቹ ትራንሽን ጥፋቱ በአቅርቦት ሂደት ውስጥ የገባ ሌላ አካል እንደሆነ ገልጾ ማስተካከያ መልቀቁን ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ትሬንድ ማይክሮ ሼርኢት ላይ የተጠቃሚውን መረጃ ለሌላ አፕ ሊያጋልጥ የሚችል ክፍተት ማግኘቱን አስታወቀ። ህንድ ከዚያ ቀደም፣ በጁን 2020፣ ሼርኢትን፣ ዜንደርንና ዩሲ ብራውዘርን ጨምሮ 59 የቻይና አፖችን አግዳ ነበር፤ ያ ውሳኔ ግን ከቻይና ጋር የነበረው የድንበር ግጭትም ስላለበት ብቻውን እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም።

በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሕግ ከለላ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ስልክዎ ላይ ያለውን ፈቃድ መዝጋት ግን የእርስዎ የራስዎ ሥራ ነው።

ያለውን ይፈትሹ

ዳታውን ያጥፉና ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ። ፕራይቬሲ የሚለውን፣ ቀጥሎም ፐርሚሽን ማኔጀር የሚለውን ይክፈቱ። ስልክዎ በአማርኛ ከሆነ «ግላዊነት» እና «የፈቃድ አስተዳዳሪ» ይላል። እዚያ ካሜራ፣ ኮንታክት፣ ሎኬሽን፣ ማይክሮፎን እያለ ይዘረዝራል። ከኮንታክት ይጀምሩ። ሲነኩት የስልክ ቁጥር ዝርዝርዎን እንዲያዩ የተፈቀደላቸው አፖች ስማቸው ተደርድሮ ይወጣል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ይህ አፕ ሥራውን ለመሥራት የሰው ቁጥር ያስፈልገዋል? መደወያውና መልእክት መላኪያው ያስፈልጋቸዋል። የፎቶ ማሳመሪያው፣ የጨዋታው፣ የሙዚቃ ማጫወቻው አያስፈልጋቸውም፤ እየነኩ ዶንት አላው ያድርጉት። ከዚያ ወደ ማይክሮፎን፣ ከዚያ ወደ ሎኬሽን ይለፉ። ሲከለከል ሥራ የሚያቆም አፕ ካለ መልሰው መፍቀድ ይችላሉ፤ የሚበላሽ ነገር የለም።

ቀጥሎ የሚጠፉትን ያጥፉ። ባትሪ መብራት ስልኩ ራሱ አለው። «ራም ማጽጃ»፣ «ባትሪ ቆጣቢ»፣ «ስልክ ማፍጠኛ» የሚባሉት ከማስታወቂያ በቀር የሚሰጡት ጥቅም ጥቂት ነው። ሼርኢትን ወይም ዜንደርን ከማጥፋትዎ በፊት ግን የተቀበሏቸውን ፎቶና መዝሙር ወደ ሌላ ፎልደር ወይም ወደ ሚሞሪ ካርዱ ያዛውሩ። በአንዳንድ ስልክ ላይ አፑ ሲጠፋ ፎልደሩም አብሮ ይሄዳል፤ የሠርግ ፎቶ በዚህ መንገድ ቢጠፋ መመለሻ የለውም።

ከስልኩ ጋር አብረው የመጡት አፖች አይጠፉም። እነሱን ዲሴብል ማድረግ ይቻላል፤ አፕስ ውስጥ ገብተው ስሙን ሲነኩ አማራጩ ይወጣል። ቁልፉ ደብዝዞ እምቢ ካለ ፈቃዶቹን ሁሉ ይንጠቁት፣ ኖቲፊኬሽኑን ይዝጉት፣ ከጀርባ ሆኖ ዳታ እንዳይጠቀም ባክግራውንድ ዳታውን ያጥፉት። በኮምፒዩተር ገመድ ሰክቶ ከሥሩ የሚነቅልበት መንገድም አለ። የሚሠራው ሰው ካላወቀው ግን ስልኩን ስለሚያስቸግር ይህን ለሚያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ይተዉላቸው።

አንዱን በር ይክፈቱ፦ ኤፍድሮይድ

ኤፍድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ፣ ነፃ ሶፍትዌር ብቻ የሚገኝበት የአፕ መደብር ነው። አካውንት አይጠይቅም፤ ኢሜይልም ስልክ ቁጥርም አይፈልግም። አፕ ውስጥ ማስታወቂያ ወይም ተጠቃሚውን የሚከታተል ኮድ ካለ አስቀድሞ በገጹ ላይ ጽፎ ያስጠነቅቃል።

ይህን አንዱን ከሰው አይቀበሉ። ቀሪው ሁሉ የሚታመነው በዚህ በኩል ስለሆነ ራስዎ ከኤፍድሮይድ ድረ ገጽ ያውርዱት። አድራሻው ኤፍ-ድሮይድ ነጥብ ኦርግ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጽፉት ከኤፍ ቀጥሎ ሰረዝ አለው። ሆቴል ዋይፋይ ካገኙ ጥሩ፣ ካልሆነም የሌሊት ፓኬጅ ገዝተው ያውርዱት። መጀመሪያ ሲከፈት የአፖቹን ዝርዝር ስለሚጎትት ከፋይሉ በላይ ተጨማሪ ዳታ ይዘው ይቀመጡ።

ሲጭኑት ስልኩ «ከዚህ ምንጭ መጫን አይፈቀድም» ይልዎታል። ብራውዘርዎ አፕ እንዲጭን ለጊዜው ይፍቀዱለት፤ ኤፍድሮይድ ሲገባ ግን ተመልሰው ያንን ፈቃድ ከብራውዘሩ ይንጠቁና ለኤፍድሮይድ ብቻ ይስጡ። ይህችን ሰው ሁሉ ይዘላታል። ብራውዘሩ ፈቃዱን ይዞ ከቀረ ነገ አንድ ገጽ ላይ በስህተት የተነካ ማስታወቂያ ያልፈለጉትን አፕ ለመጫን አንድ እንቅፋት አነሰለት ማለት ነው።

ከእጅ ወደ እጅ፦ ሎካልሴንድ

አሁን የሼርኢትን ቦታ የሚይዘውን ይጫኑ። ሎካልሴንድ ይባላል፤ ኤፍድሮይድ ውስጥ በስሙ ይገኛል። ማስታወቂያ የለውም፣ አካውንት የለውም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። አሠራሩን በዝርዝር የምጽፈው አካባቢያችን ላይ ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ አንዱ ስለሆነ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ከጎንዎ ያለች ተማሪ የእርስዎን የፊልም ማጫወቻ፣ ቪኤልሲን፣ ፈለገች እንበል። እርስዎ ሆትስፖትዎን ይከፍታሉ፤ የሞባይል ዳታዎን ግን አስቀድመው ያጠፋሉ፣ አለዚያ የእሷ ስልክ በእርስዎ ፓኬጅ አፕዴት ማውረድ ይጀምራል። እሷ በዋይፋይ ትገባለች። ኢንተርኔት የለም የሚል ማስጠንቀቂያ ቢወጣባት ግንኙነቱን እንድትቀጥል ይንገሯት። ሁለታችሁም ሎካልሴንድን ትከፍታላችሁ። አፑ ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ ቅጽልና አንድ የፍራፍሬ ወይም የአትክልት ስም አገጣጥሞ መጠሪያ ይሰጠዋል፤ የባለቤቱን ስምና ቁጥር አያሳይም። እርስዎ ሴንድ የሚለውን፣ ቀጥሎ አፕ የሚለውን ነክተው ቪኤልሲን ይመርጣሉ፤ ከታች የሷ ስልክ መጠሪያ ሲመጣ ይነኩታል። እሷ አክሴፕት ትላለች። ፋይሉ ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ ያልፋል፤ በመካከል የማንም ድርጅት ኮምፒዩተር የለም፣ መንገዱም የተመሰጠረ ነው።

የሷ ስልክ ላይ ሎካልሴንድ ከሌለስ? የመጀመሪያዋን አንዲት ፋይል በብሉቱዝ ይላኩላት። ይዘገያል፤ አንዴ ብቻ ስለሆነ ግን ይታገሱት። ብሉቱዙ እምቢ ካለ ፋይሉን ሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጠው ካርዱን ያውሷት።

ከፕሌይ ስቶር የመጣን አፕ በዚህ መንገድ ሲልኩ ብዙ ጊዜ አልጫን ይላል፤ ፕሌይ ስቶር አፑን ለእያንዳንዱ ስልክ በቁርጥራጭ ስለሚያወርደው የሚላከው ጎደሎ ይሆናል። ከኤፍድሮይድ የመጣው ግን አንድ ሙሉ ፋይል ስለሆነ የስልኩ አንድሮይድ እስካላረጀ ድረስ ይሠራል።

ከሰው የተቀበሉትን አፕ ማጣራት ከፈለጉ ዳታ ሲኖርዎት ኤፍድሮይድን ይክፈቱና አፑን እዚያ ይፈልጉት። አፕዴት አድርጎ በሰላም ከተቀበለው ፊርማው ትክክል ነው። «ፊርማው አይገጥምም» የሚል መልእክት ከሰጠ ከሌላ ምንጭ የመጣ ነውና አጥፍተው ከዚያው ከኤፍድሮይድ ይጫኑት።

ሞባይል ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ለእናንተም ነው። ኮምፒዩተራችሁ ላይ አንድ ፎልደር ክፈቱና የኤፍድሮይድ አፖችን አስቀምጡ፤ በየጊዜው አዲሱን ስሪት አውርዱ። ለመጫኛ ብታስከፍሉም ፈቃዱ አይከለክላችሁም። ደንበኛው ማስታወቂያ የማይዘንብበት ስልክ ይዞ ሲወጣ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።

ኪቦርዱ

ስለ ኪቦርድ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ስልክ ውስጥ ካለው ሁሉ በላይ የሚያውቅዎት እሱ ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው የባለጉዳዩን ምስጢር ሁሉ እንደሚሰማ፣ ኪቦርድም የሚጽፉትን ሁሉ፣ ፓስወርዱንም ለወንድምዎ የላኩትንም መልእክት ያያል። የአማርኛ ኪቦርድ ከማያውቁት ሰው የሚቀበሉ ከሆነ ደጋግመው ያስቡበት።

ለአማርኛ የምመክረው ኪማንን ነው። ኪማን ለረጅም ዓመታት በብዙ የዓለም ቋንቋዎች ሲያገለግል የቆየ ፕሮግራም ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኮዱ ክፍት ሆኗል። የአማርኛውን ኪቦርድ ያዘጋጀው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይጽፋል። ከፕሌይ ስቶር ወይም ከራሱ ድረ ገጽ ይጫኑት፤ ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ላንጉዌጅ ኤንድ ኢንፑት ገብተው ያብሩት። ሲያበሩት ስልኩ «ይህ ኪቦርድ የሚጽፉትን ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አይደንግጡ፤ አንድሮይድ ለሚጫን ኪቦርድ ሁሉ የሚያወጣው አንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ነው። ሀዲይሳና ከምባትኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ ለእነሱ ተራው የላቲን ኪቦርድ ይበቃል፤ የቃል እርማቱን ብቻ ያጥፉት፣ አለዚያ ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ እየለወጠ ያበሳጭዎታል።

እንዲህ ያለውን ኪቦርድ መልመድ ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ ከለመዱት ኪቦርድ ይዘገያሉ፤ ሁለቱንም ይዘው ፓስወርድና የግል መልእክት ሲጽፉ በኪማን፣ ሌላውን በለመዱት እየጻፉ ቀስ ብለው ይሻገሩ።

ፊልም፣ ዩቲዩብ፣ ካርታ

እነዚህን ቶሎ ልለፋቸው፣ ቀላል ናቸውና። ለፊልምና ለመዝሙር ቪኤልሲ፤ በፈረንሳይ ተማሪዎች የተጀመረ ነው፣ የማይከፍተው ፋይል ጥቂት ነው። ለኢንተርኔት ፋየርፎክስን ወይም በኤፍድሮይድ የሚገኘውን ፌኔክን ይጫኑና ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ተጨማሪ ያስገቡበት፤ ማስታወቂያው ሳይወርድ ስለሚቀር ፓኬጅዎ ይረዝማል። ኦፔራ ሚኒ ገጽ እየጨመቀ ዳታ እንደሚቆጥብ እውነት ነው፤ የሚጨምቀው ግን ገጹን በራሱ ኮምፒዩተር በኩል አሳልፎ ስለሆነ ለዜና ይጠቀሙበት፣ ፓስወርድ አይጻፉበት።

ለዩቲዩብ ኒውፓይፕ አለ። ስብከትም ዘፈንም ድምፁን ብቻ ማዳመጥ ይችላሉ፣ ስክሪኑ ቢጠፋም አያቆምም፤ በሞባይል ዳታ ሲሆን ጥራቱ ከተወሰነ በላይ እንዳይሄድ ሴቲንጉ ውስጥ ገደብ ማበጀት ይቻላል። ዩቲዩብ አሠራሩን ሲለውጥ አልፎ አልፎ ይቆማል፤ አፕዴቱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ለመንገድ ኦርጋኒክ ማፕስ። የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ አውርደው ከሆሳዕና እስከ ሺንሽቾ ያለ ኢንተርኔት ይከተላሉ። ካርታው የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነውና በትናንሽ ከተሞች ጎደሎ አለው። የጎደለውን ጤና ጣቢያ ወይም የጎደለችውን ገበያ ራስዎ መጨመር ይችላሉ፤ የእርስዎን ቀበሌ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደቡብ አፍሪካ ላለው ሰው

ከባዱ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ለብቻ አይሠራም። ወንድምዎ ጆሃንስበርግ ሆኖ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የሚደውል ከሆነ እርስዎ ብቻ ቢቀይሩ ትርፉ መራራቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በለመዳችሁት አፕ ያነጋግሩት፤ ቀን ቆርጣችሁ ሁለታችሁም ሲግናልን ጫኑ፤ እስክትለምዱት የቀድሞውን አታጥፉ።

ሲግናል ኮዱ ክፍት ነው፣ ትርፍ በማይፈልግ ድርጅት ይተዳደራል፣ ጥሪውንም መልእክቱንም ከሁለታችሁ በቀር የሚሰማ የለም። ለመመዝገብ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ግን ቁጥርዎን ሳያሳዩ በመጠሪያ ስም መገናኘት ይቻላል። የኮንታክት ፈቃድ ሲጠይቅ ቢከለክሉትም ይሠራል። ዳታ ሴቲንጉ ውስጥ ጥሪ ላይ ዳታ የሚቆጥብ አማራጭ ስላለ ያብሩት። የሚገኘው በፕሌይ ስቶርና በራሱ ድረ ገጽ ነው።

ቴሌግራምን ይተዉ አልልም። የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ፣ የሥራ ቅጥሩ፣ የሰፈሩ ቡድን ሁሉ እዚያ ነው። ሁለት ነገር ግን ያድርጉ። ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ሲንክ ኮንታክትስ የሚለውን ያጥፉ፤ እዚያው ዲሊት ሲንክድ ኮንታክትስ የሚለውን ነክተው ቀድሞ የተላኩትን ቁጥሮች ያስጠፉ። ከዚያ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ በሞባይል ዳታ ራሱ የሚያወርደውን ይዝጉ። የወር ፓኬጅ በሳምንት ካለቀብዎት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ተራው የቴሌግራም መልእክት እንደ ሲግናሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም፤ ምስጢር ካለዎት ሲክሬት ቻት ይክፈቱ።

እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2023 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ሲገደቡና ገደቡ ለወራት ሲቆይ ብዙ ሰው ያገኘውን ነፃ ቪፒኤን ሁሉ ጭኖ ነበር። እነዚያ ቪፒኤኖች አሁንም በብዙ ስልክ ላይ አሉ። የስልክዎ ኢንተርኔት በሙሉ በእነሱ በኩል ያልፋል፤ ማን እንደሚያስተዳድራቸው የማያውቁትን ዛሬውኑ ያጥፉ።

ገንዘብ ያለበት አፕ

እስካሁን «ከሰው ተቀበሉ» ስል ነበር። ገንዘብን በተመለከተ ሕጉ ተቃራኒ ነው። ቴሌብርን፣ ኤም-ፔሳን ወይም የባንክዎን አፕ በምንም ምክንያት ከእጅ ወደ እጅ አይቀበሉ። በቴሌግራም «ጉርሻ አለው» ተብሎ የሚላክ የክፍያ አፕ አይክፈቱ። ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይጫኑ፣ ከሚፈልጉት በላይ ፈቃድ አይስጡ። ቁጥር ለመምረጥ ኮንታክት ሲጠይቁ ከልክለው ቁጥሩን በእጅ መጻፍ ይቻላል።

እነዚህ አፖች ነፃ ሶፍትዌር አይደሉም፤ የሚተካቸውም የለም። ግንቦት 2013 የተጀመረው ቴሌብር ሳይኖር የታክሲም የሱቅም ሂሳብ መክፈል ከባድ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። አፑን መጫን የማይፈልግ ሰው ግን መንገድ አለው፦ ቴሌብርን በኮከብ 127 መሰላል፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክን በኮከብ 889 መሰላል መጠቀም ይቻላል። ዳታ አይፈልግም፣ በተራ ቁልፍ ስልክም ይሠራል፣ ስልክዎ ውስጥ ገብቶ የሚያየውም ነገር የለም። ሚስጥር ቁጥሩን ሲመቱ ግን አጠገብዎ ማን እንዳለ ይመልከቱ፤ በተለይ መናኸሪያ ውስጥ።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል አዳዲሶቹን አፖች ከጀርባ ይገድላቸዋል። ሲግናል ተከፍቶ ካልታየ በቀር መልእክት የማይመጣልዎ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። ባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ያንን አፕ አንሪስትሪክትድ ያድርጉት። ቴክኖ፣ አይቴል ወይም ኢንፊኒክስ ከሆነ ፎን ማስተር የሚባለውም እንዳይዘጋው እዚያ ውስጥ ይፍቀዱለት።

አንዳንድ ነፃ አፕ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። አንዳንዱ መልኩ አያምርም። ከጉግል አገልግሎት ጋር ካልተያያዘ የማይሠራ አፕም አለ። ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል፤ ሁሉም ይቀላል ብሎ የነገረዎት ሰው ካለ አላወቀም።

ሌላም መጪ ነገር አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ባስታወቀው ዕቅድ መሠረት፣ ማንነታቸውን ለጉግል ያላስመዘገቡ ሠሪዎች የሚያወጡት አፕ በተለመደው አንድሮይድ ስልክ ላይ እንዳይጫን ገደብ ይደረጋል፤ ከ2026 መጨረሻ ወራት በጥቂት አገሮች ተጀምሮ ከ2027 ጀምሮ ወደ ሌሎቹ ይሰፋል። ኤፍድሮይድ አጥብቆ ተቃውሟል። ጉግልም በኋላ አደጋውን አውቆ ለሚቀበል ተጠቃሚ መጫኛ መንገድ እንደሚተው ተናግሯል። የሚያስፈልግዎትን ከአሁኑ መጫንና ፋይሉንም ሚሞሪ ካርድ ላይ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

«ይህ የጥቂት ወጣቶች ጨዋታ ነው» ለሚልዎት ሰው ሁለት ምሳሌ ይንገሩት። የፋይዳ መታወቂያ የቆመበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት ህንድ ውስጥ የተሠራ ክፍት ኮድ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ኮዱ ክፍት መሆኑ ግን ብቻውን መረጃ አይጠብቅም። ማን ምን እንደሚሰበስብና ለማን እንደሚሰጥ መጠየቅ፣ በፋይዳም ሆነ በሌላ፣ ሁልጊዜ መብታችን ነው።

ለመስቀል አገር ቤት ሲገቡ

በያሆዴና በመሳላ ሰሞን መናኸሪያው ይጨናነቃል፤ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከውጭም የመጣ ሁሉ ወደ ወላጁ ቤት ይገባል። የእናትና የአባትን ስልክ ማስተካከያ ጊዜው ያ ነው። ሳይጠይቁ አይንኩት። «እማዬ፣ ማስታወቂያውን ላጥፋልሽ?» ብለው ይጀምሩ፤ የሚያማርራቸው እሱ ስለሆነ ደስ ይላቸዋል። ፈቃዶቹን ይዝጉ፣ የማይጠቀሙበትን ያጥፉ፣ ሲግናልን ይጫኑና የልጆቻቸውን ቁጥር አስገብተው ምልክቱን የድሮው አፕ የነበረበት ቦታ ላይ ያድርጉት። የሚደውሉበትን አፕ ግን በዚያው ቀን አያጥፉ። ከመመለስዎ በፊት ራሳቸው ደውለው፣ ራሳቸው ፎቶ ልከው ያሳዩዎት። ያልሆነላቸውን ያጥፉና የለመዱትን ይመልሱላቸው።